ሳንነጋገር የለካነው ውሃ

ማክሰኞ ነበር፤ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ክረምቱ ወጥቶ ጥቅምት ገብቷል፤ ሐይቁ ግን ወንዞቹ ያመጡለትን ጭቃ ገና አላጠለለም። እኔ ከጥናት ክፍላችን ደጃፍ ቁጭ ብዬ ውሃ የቀዳንባቸውን ጠርሙሶች አጥባለሁ። ኃላፊዬ ጀልባዋን ዳር አስረው እርጥብ ጫማቸውን ፀሐይ ላይ አስጥተዋል። ነጩ ሳህናችን እንደ ወትሮው ከዋርካው ቅርንጫፍ ላይ ተሰቅሎ ይንጠባጠባል።

ሁለት አብዮት ጠባቂዎች ጠመንጃ ይዘው በአጥሩ ቀዳዳ ገቡ። አንደኛውን አውቀዋለሁ፤ ቀድሞ ገበያው አጠገብ ብስክሌት ይጠግን ነበር። ሰላም አላለኝም። በቀጥታ ወደ ዋርካው ሄዶ በጠመንጃው አፈሙዝ ሳህኑን ነካ አደረገው። ሳህኑ በገመዱ ላይ ዞረ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ውሃ መለኪያ ነው» አሉ ኃላፊዬ።

«ውሃ በሳህን ይለካል? እኛ ቤት በጣሳ ነው።» ጓደኛው ሳቀ።

«ጥራቱን ነው የምንለካው። ነጭ ነገር ምን ያህል ጠልቆ ከዓይን እንደሚጠፋ እናያለን።»

«ከጠፋ በኋላስ?»

«እናወጣዋለን።»

«ታወጡታላችሁ፤ ከዚያ ዛፍ ላይ ሰቅላችሁ ለሐይቁ ታሳዩታላችሁ። ከጎርጎራ የሚመጣው መርከብ ላይ ሆኖ የሚያየው ማነው?»

«ውሃው እንዲንጠፈጠፍ ነው የምንሰቅለው።»

«ጀልባው ላይስ ለምን አትነጋገሩም? እኔ ወደቡ ላይ ተረኛ ስሆን አያችኋለሁ። አንዱ ያወርዳል፣ ዝም። ሌላዋ ታወርዳለች፣ ዝም። ሁለት ሰው ጀልባ ላይ ተቀምጦ ቀኑን ሙሉ ዝም ይላል?»

ኃላፊዬ በዚህ ጊዜ ሳቁ። ባይስቁ ይሻል ነበር። ብስክሌት ጠጋኙ ፊቱ ተለወጠ።

«አንተ! ተነሣ!»

ጠርሙሱ ከእጄ አመለጠ። እኒያን ሽማግሌ «አንተ» ያላቸው ሰው ሰምቼ አላውቅም። የመሥሪያ ቤታችን ሥራ አስኪያጅ እንኳ ከወንበሩ ተነሥቶ ነበር የሚቀበላቸው። እሳቸው ምንም ሳይሉ ባዶ እግራቸውን እርጥቡ ጫማ ውስጥ ከተቱ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው አንድ ነገር ሊሉኝ አፋቸውን ሲከፍቱ ጠባቂው በመካከላችን ገባ።

«መነጋገር የለም። እስከ ዛሬ ሳትነጋገሩ ኖራችሁ የለም እንዴ?»

ሳህኑን ከነገመዱ አውርዶ በብብቱ ያዘ፤ ከዚያ ወደ እኔ አገጩን አነሣ።

«አንቺ ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ቀበሌ ትመጫለሽ። ጓድ ይጠይቅሻል። እሱ ያለውንና አንቺ የምትዪውን እናስተያያለን። ባትመጪ እኛ እንመጣለን።»

ሲወስዷቸው ቆሜ አየሁ። እርጥቡ ጫማቸው በየእርምጃው ይጮህ ነበር።

ሥራችን ለጠባቂው እንግዳ ቢሆን አይገርመኝም፤ ለእኔም እንግዳ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ሥነ ሕይወት ተምሬ ባሕር ዳር ስመደብ ከሕያው ነገር ጋር የምውል መስሎኝ ነበር። የደረሰኝ ግን ውሃ ነው። በየወሩ መጀመሪያ ማክሰኞ ኃላፊዬ እየቀዘፉ እንወጣለን። ጀልባዋን አቁመን ሳህኑን በገመድ እናወርዳለን። ነጭነቱ መጀመሪያ ቢጫ ይሆናል፣ ከዚያ ይደበዝዛል፣ ከዚያ የለም። የጠፋበትን ቦታ ገመዱ ላይ ካሉት ቋጠሮዎች እናነባለን። ፀሐይ ውሃው ውስጥ እስከ የት እንደምትገባ ከዚያ ይታወቃል፤ በዓይን የማይታዩት አረንጓዴ ፍጥረታት የሚኖሩት በዚያች ብርሃን ነው፤ ሐይቁ ውስጥ ያለው ሁሉ ደግሞ በእነሱ ይኖራል።

ኃላፊዬ አንድ ሕግ ነበራቸው። መጀመሪያ አንዳችን አውርደን እናነባለን፤ ስንት እንዳገኘን ግን ትንፍሽ አንልም። ከዚያ ሌላው ያወርዳል። ሁለታችንም ከጨረስን በኋላ ብቻ ነው ቁጥራችንን የምንናገረው። መጀመሪያ ሰሞን ይህ ጭንቅ ነበር። ትልቅ ሰው ካለው የተለየ ነገር መናገር አልለመደብኝም። «ጋሼ፣ እርስዎ ስንት አሉ?» እላለሁ ድምፄን ዝቅ አድርጌ። እሳቸው ፊታቸውን ወደ ዘጌ አዙረው እንዳልሰማ ሰው ይሆናሉ። አንድ ቀን ብቻ መለሱልኝ።

«የእኔን ዓይንማ እኔው ይዤው መጥቻለሁ፣ ልጄ። የጎደለኝ ያንቺ ነው።»

ጠባቂው ከወደቡ ሆኖ ያየው ዝምታ ይህ ነበር።

ነገሩ የተጀመረው ግን በእሱ አልነበረም። ባለፈው ሳምንት በውይይት ክበቡ ላይ ጓዱ «ሳይንስ ለምርት» የሚል ርዕስ ይዞ መጥቶ ነበር። ጓዱ ከአዲስ አበባ የተላከ ካድሬ ነው፤ ቀበሌውንም፣ የየመሥሪያ ቤቱን ውይይትም የሚመራው እሱ ነው። በዕድሜ ከእኔ ብዙም አይበልጥም። ከጀርባው ግድግዳው ላይ «ተፈጥሮን በቁጥጥራችን ሥር እናውላለን» የሚል በቀይ ቀለም ተጽፏል። እያንዳንዱን ክፍል እያስነሣ ለምርቱ ምን እንዳበረከተ ጠየቀ። የከብት ሐኪሞቹ ስለ ክትባት፣ የእርሻ ሰዎቹ ስለ ዘር ተናገሩ። ተራው ደረሰን።

«የሐይቅ ጥናት ክፍልስ?»

ኃላፊዬ ተነሡ። «ሐይቁን እናያለን።»

አዳራሹ ሳቀ።

«አይታችሁስ?»

«ገና እያየን ነው።»

«ጋሼ፣ መነጽር ይታዘዝልዎ?» አለ አንዱ ከኋላ፤ ሳቁ ጣራውን ነካ። እኔ አንገቴን ደፍቼ የወንበሩን ምስማር አያለሁ።

ኃላፊዬ ሳቁ እስኪበርድ ጠበቁ። «ጓድ፣ ደንገል ውሃ ላይ እንደሚንሳፈፍ መጀመሪያ ያየው ሰው ስለ ታንኳ አላሰበም። ታንኳ የሚባል ነገር የለማ! ዝም ብሎ አየ። ምናልባት ሥራ ፈት ይሆናል። ሌላው ሰው ደንገሉን አስሮ የተቀመጠበት እሱ ከሞተ ከስንት ዘመን በኋላ ነው። ዛሬ ከደሴቶቹ እንጨቱ የሚመጣው፣ እህሉ የሚሻገረው በዚያ ነው። ያንን የመጀመሪያውን ሰው ‹ምን ሊጠቅም ነው?› ብለን ብንደበድበው ኖሮ ሁላችንም ዳር ቆመን በቀረን ነበር።»

«ብንደበድበው» የምትለዋን ቃል ሲሰማ አዳራሹ ጸጥ አለ። ጓዱ ሳይቆጣ፣ ቀስ ብሎ ነው የመለሰው።

«ጤነኛ ሰው ጥቅም የሌለውን ነገር በየወሩ እየደጋገመ አይሠራም። ስለዚህ ጥቅም አለው። የማትነግሩን ጥቅም።»

ያን ጊዜ ነገሩን ክርክር ብቻ አድርጌ ወስጄው ነበር። አሁን ዋርካው ሥር ብቻዬን ቆሜ ሳስበው ክስ እንደነበር ገባኝ።

ወደ ቤት እንዴት እንደደረስሁ አላስታውስም። የተከራየሁት ከአንዲት እስላም ነጋዴ ግቢ ነበር። ባላቸው ቁንዝላ በጀልባ እየተመላለሱ ቡና ያመጣሉ፤ እሳቸው ሱቁን ይይዛሉ።

«ምን ሆንሽ አንቺ ልጅ? ፊትሽ አመድ ለበሰ።»

ነገርኋቸው።

«ውሃ በመለካት? ወላሂ፣ ነገ ደግሞ ስለ ተነፈስን እንታሰራለን።» ሊስቁ ጀምረው ተዉት። በሩን ገርበብ አድርገው አጠገቤ ተቀመጡ። «ስሚኝ። ለዓሣ ነው በይ። ዓሣው የት እንዳለ ማወቂያ ነው፣ ለምርት ዘመቻው ነው በያቸው። ማን ገብቶ ያጣራል?»

«እትዬ፣ እሳቸው እንደዚያ ባይሉስ?»

«ይላሉ እንጂ! እብድ ናቸው እንዴ?»

ፍርሃቴ ቁርጥ ያለ መልክ የያዘው በዚህ ጊዜ ነው። እስከዚያ ድረስ የምፈራው ጠመንጃውን ነበር። ኃላፊዬ እውነቱን ተናግረው ከሆነና እኔ ነገ ዓሣ ብዬ ከመጣሁ፣ ሁለት ቃል ይሆናል፤ ሁለት ቃል ደግሞ የሚደበቅ ነገር አለ ማለት ነው። እውነቱን ልናገር ብል ደግሞ፣ እሳቸው እኔ ፈሪ እንደሆንሁ ያውቃሉ፤ «ልጅቱ ዓሣ ማለቷ አይቀርም» ብለው እኔን ለማዳን አንድ ቀን ዋሽተው ቢሆንስ? ያን ጊዜ ውሸታም የማደርጋቸው እኔ ነኝ። በየትኛውም በኩል የእሳቸው ሕይወት ያለው እኔ አፍ ውስጥ ነበር። በዚያ ሰሞን ቀበሌ ገብቶ የወጣም አለ፣ ያልወጣም አለ፤ ያልወጣውን ማንም ደፍሮ አይጠይቅም።

«ስንቅ እናድርስላቸው» አሉ እትዬ ብድግ ብለው። «የእኔን ሥጋ አይበሉም፤ ሽሮ ላድርግላቸው። ዕቃው ባዶውን ከተመለሰ መልካም። ከነምግቡ ከተመለሰ ግን...»

አልጨረሱትም። መጨረስም አያስፈልግም ነበር። «ከእንግዲህ አታምጪ» የተባለች እናት ከእስር ቤት ደጅ ቀጥታ ወደ ለቅሶ እንደምትሄድ የማያውቅ አልነበረም።

ሰዓት እላፊው ሳይደርስ ምሳ ዕቃውን ይዤ ሄድሁ። በር ላይ የቆመው ያው ብስክሌት ጠጋኝ ነው። ክዳኑን ከፍቶ እንጀራውን በእንጨት ወጋ ወጋ አደረገው።

«ምን ደብቀሽበታል?»

«ምንም።»

«ምንም! እናንተ ሰዎች ምንምን ትወዱታላችሁ።»

ጋሼ ምን እንዳሉ ልጠይቀው ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር፤ አልደፈርሁም። አጥሩ ሥር ቆሜ ጠበቅሁ። ከውስጥ አንድ ሰው ሲጮህ ይሰማል፤ ሲመለስለት ግን አይሰማም። ፀሐይ ሐይቁ ውስጥ ልትገባ ስትል ምሳ ዕቃው ተመለሰልኝ። ቀላል ነበር። ከፈትሁት፤ ባዶ ነው። አጥሩን ተደገፍሁ። በልተዋል። ምን እንዳሉ ግን ባዶ ዕቃ አይናገርም።

ሌሊቱን ሁለቱንም መልስ ስለማመድ አደርሁ። አንዱንም አላመንሁበትም።

ጠዋት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ፊሽካ ሲነፋ መንገድ ላይ ነበርሁ። የሌሊቱ ፈረቃ እየወጣ፣ የቀኑ እየገባ ነው፤ ጥጥ ፀጉራቸው ላይ የተበተነባቸው ሴቶች እየተሳሳቁ አለፉኝ። ከውስጥ የመኪናዎቹ ድምፅ ይሰማል። ያን ሁሉ የሚያሽከረክረው ከጢስ ዓባይ የሚመጣው መብራት ነው። ኃላፊዬ በዚህ ባለፍን ቁጥር አንድ ነገር ይሉ ነበር፤ ሽቦና ማግኔት ይዞ በአንድ ጓዳ ውስጥ ሲነካካ የኖረ ሰው እንደነበረ፣ እሱም ስለ አቡጀዲ አንድም ቀን እንዳላሰበ። አገር የሚበለጽገው ፋብሪካ ሲተከል መሆኑን ማንም ያውቃል፤ ፋብሪካው የበቀለበት ዘር ግን ከስንት ዘመን በፊት፣ የማንንም ርሃብ በማያስታግስ ጥያቄ እንደተዘራ የሚያስብ ጥቂት ነው ይሉ ነበር። ይህን ለጓዱ ልንገረው ብዬ አሰብሁና ተውሁት። እዚያ ክፍል ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ለመናገር ጊዜም ድፍረትም ያስፈልጋል። እኔ አንዱም አልነበረኝም።

«ቁጭ በይ። አትፍሪ» አለኝ ጓዱ፣ ቀበሌው ቢሮ እንደ ገባሁ። ሰው «አትፍሪ» ሲለኝ ይብስብኛል።

ሳህናችን ጠረጴዛው ላይ ነበር። ሲጋራ ሲተረኩስበት አድሯል፤ አመዱ መሐሉን ሸፍኖታል። ገመዱ ከጠረጴዛው ወርዶ ወለሉ ላይ ተጠምጥሟል።

«ሽማግሌው ሁሉንም ነግሮናል። ላንቺ የቀረው ማረጋገጥ ብቻ ነው። ይህ ሳህን ለዓሣ ምርት ነው፤ አይደለም እንዴ?»

እትዬ ያሳዩኝ በር ይኸውና ወለል ብሎ ተከፈተ። «አዎ» ማለት ብቻ ነው። ግን እውነት እሳቸው ብለውት ነው ወይስ እኔን ሊይዝበት ነው? ፊቱን አየሁት፤ ምንም አይነበብበትም። ዓይኔን ዝቅ ሳደርግ ገመዱን አየሁ፤ ቋጠሮዎቹን። ትናንት ጀልባው ላይ «እርስዎ ስንት አሉ?» ብያቸው ፊታቸውን ወደ ዘጌ ያዞሩት ትዝ አለኝ። በዚያች ቅጽበት አንድ ነገር ብቻ ገባኝ። እሳቸው ያሉትን ለመገመት ስሞክር ማደሬ ከንቱ ነበር። ከእኔ የሚፈለገው የእኔ ዓይን ነው።

«ጋሼ ያሉትን አላውቅም» አልሁ። ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ።

«እኮ! ዓሣ ነው ብሏል እያልኩሽ!»

«ብለው ይሆናል፣ ጓድ። እኔ ያየሁትን ነው የምናገር።»

«ምን አየሽ?»

«ሐይቁ በክረምት ይደፈርሳል፣ በበጋ ይጠራል። ግን ሁልጊዜ እኩል አይደለም፤ አንዳንዴ ዘግይቶ ይጠራል። ለምን እንደሆነ አናውቅም። ለማወቅ ነው የምንለካው።»

«ጥቅሙ?»

«ዛሬ አላውቀውም።»

«መቼ ነው የምታውቂው?»

«እኔ ላላውቀው እችላለሁ። ከእኔ በኋላ የሚመጣ ሰው ያውቀው ይሆናል።» ወደ ሳህኑ አመለከትሁ። «እሱ ሲመጣ ግን የዛሬውን ውሃ መልሶ የሚለካለት አያገኝም።»

ውጪ አንድ ሰው ጠመንጃ ሲወለውል ይሰማል።

«ጀልባው ላይ ለምንድን ነው የማትነጋገሩት?»

«እንዳንስማማ።»

«ምን?»

«አንዳችን የሌላውን ሰምተን እንዳንስማማ፣ ጓድ። ትልቅ ሰው የተናገረውን መድገም ይቀናኛል። እሳቸው ያንን አይፈልጉም።»

ጓዱ ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ተለጠጠና ዓይኑን በመዳፉ አሸ። ሌሊቱን እሱም አልተኛም ነበር።

«ይኼ ሽማግሌ!» አለ፣ ለእኔ ሳይሆን ለግድግዳው። «ጥቅሙ ምንድን ነው ስለው አላውቅም። ስጮህበት አላውቅም። ዓሣ ነው በልና ሂድ እንኳ ብየዋለሁ፤ እምቢ! አንቺ ደግሞ መጥተሽ ያንኑ። ሁለት ሴረኛ ተመካክሮ እንዲህ የማይረባ ውሸት ይዋሻል? ሴረኛ ብትሆኑ ኖሮ ዓሣ ትሉ ነበር!»

ከዚያ ወደ በሩ ጮኸ። «አምጣው!»

ኃላፊዬ ገቡ። ከንፈራቸው አብጧል፤ ጫማቸው ማሠሪያ የለውም። እኔን ሲያዩ ዓይናቸው የሚጠይቀውን ላለማየት ወለሉን ተመለከትሁ።

«ውሰጂው» አለ ጓዱ። «አገር በዚህ ቢያድግ እኔ ጺሜን እላጫለሁ። ሁለታችሁም ከፊቴ ጥፉ።»

መጥፋት ነበረብኝ። እግሬም ወደ በሩ ዞሯል። ሳህኑ ግን ጠረጴዛው ላይ ነው፤ የሚቀጥለው ወር ማክሰኞ ደግሞ ይመጣል። ሌላ ሳህን የለንም። ሳህኑ እዚያ ከቀረ ኃላፊዬ ሌሊቱን ሙሉ አላውቅም ያሉበት ነገር እዚያው ያበቃል።

«ሳህኑን...» አልሁ።

«ምን?»

«ሳህኑን ልውሰደው፣ ጓድ?»

ብስክሌት ጠጋኙ በሩ ላይ ሆኖ ጆሮውን እንዳላመነ ሰው አፉን ከፈተ። ጓዱ አየኝ። ከዚያ ሳህኑን አንሥቶ አመዱን ወለሉ ላይ ደፋና ወደ እኔ ገፋው።

«ዛፍ ላይ ተሰቅሎ ባየው ግን...»

አልጨረሰውም።

ገመዱን ጠቅልዬ፣ ሳህኑን ነጠላዬ ሥር ሸሽጌ፣ በሌላው እጄ የኃላፊዬን ክንድ ይዤ ወጣሁ። እስከ ሐይቁ ድረስ አንድ ሰው የሚከተለን እየመሰለኝ ሁለቴ ዞሬ አይቻለሁ። ኃላፊዬን ዋርካው ሥር አስቀመጥኋቸው። አመዱ በደረቅ ጨርቅ አልለቅ ስላለኝ ወደ ውሃው ወርጄ፣ ጀርባዬን ለወደቡ ሰጥቼ፣ ሳህኑን በጣቶቼ አጠብሁት። አልሰቀልሁትም። በነጠላዬ ጫፍ አድርቄ፣ ጠቅልዬ፣ ወደ ክፍላችን ይዤው ገባሁ።